ከእሽቅድምድም ጡረታ የወጣ ግሬይሀውንድ፦ 5 ሳምንት ያልቆመ ተቅማጥ እና ግራ ያጋባኝ የደም ውጤት

ነብርማው (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከእሽቅድምድም ጡረታ የወጣ ግሬይሀውንድ የሚባል ዝርያ የ4 ዓመት ወንድ ውሻ አለኝ። እኔ ዘንድ ከመጣ 7 ሳምንት ሆኖታል። ክብደቱ 31 ኪሎ ነው፤ እስካሁን አልጨመረም፣ አልቀነሰም። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ሰገራው ደህና ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን 5 ሳምንት ሙሉ ሲሻለው ሲብሰው ከረመ።

በቀን ከ5 እስከ 6 ጊዜ ይወጣል። የሚወጣው ትንሽ ትንሽ ነው፤ ላዩ ላይ ዝልግልግ ንፍጥ አለው፣ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ደግሞ ጠብታ ቀይ ደም ይታያል። ከጨረሰ በኋላም ጎብጦ ማማጡን አይተውም። ሆዱ ይጮኻል፣ ፈሱም በዝቷል። የምግብ ፍላጎቱ እንዳለ ነው፣ አያስመልስም፣ ጨዋታም አልጠላም።

እስካሁን የተደረገው፦ ደረቅ ምግቡ 3 ጊዜ ተቀይሯል (ዶሮ፣ በግ፣ አሁን ዓሣ)። የዳሌው አጥንት አፍጥጦ ስለሚታይ በቀን 600 ግራም እሰጠዋለሁ። ተቅማጡ በጀመረ በ3ኛው ሳምንት ፒራንቴልና ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል እንክብል አንድ ጊዜ ወሰደ። በ5ኛው ቀን አንድ የሰገራ ናሙና ተመርምሮ ምንም የለበትም ተባለ። የተቀቀለ ዶሮና ሩዝ ሲበላ በ2 ቀን ይጠነክርለታል፤ ወደ ደረቁ ምግብ ስመልሰው ወዲያው ይፈታል።

የደም ውጤቱ፦ የቀይ ደም ሕዋሳትን ድርሻ በመቶኛ የሚያሳየው ሄማቶክሪት 44 (ደህና)፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት 135 ሺህ (ዝቅተኛ)፣ ከደም ፕሮቲኖች ግሎቡሊን 2.3 (ዝቅተኛ)፣ አልቡሚን 3.0 (ደህና)፣ የታይሮይድ ሆርሞን የሆነው ቲ4 ዝቅተኛ። በቅንፍ ያስቀመጥኩት ላቦራቶሪው የጻፈውን ነው። የታይሮይድ መድኃኒትና ሜትሮኒዳዞል የተባለው አንቲባዮቲክ ይጀምር ተብሏል። ልጀምርለት ወይስ በፊት መታየት ያለበት ነገር አለ? እህታችሁ ነኝ፣ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ማይክሮስኮፕ

እህቴ፣ የታይሮይዱን መድኃኒት ከመጀመርሽ በፊት ይህን ለሐኪሙ አሳዪው። ውጤቱ የተነበበው ለሌሎች ውሾች በወጣ መለኪያ ነው፤ የግሬይሀውንድ ደም ግን የራሱ መለኪያ አለው።

ፍጹም ጤነኛ በሆነ ግሬይሀውንድ ላይ ቲ4 ከላቦራቶሪው ዝቅተኛ ወሰን በታች መገኘቱ የተለመደ ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ታይሮይዱ ታመመ አይባልም። የኋላ ጭኑ ፀጉር ተመልጦ ከሆነም እንደ ማስረጃ አይቆጠር፤ እሱም በዚህ ዝርያ የተለመደ ነው። ፕላትሌት 135 ሺህ ለእሱ ጤነኛ ቁጥር ነው፣ ብዙዎቹ ከ200 ሺህ በታች ናቸው። ግሎቡሊን 2.3ም እንዲሁ። አንጀቱ ፕሮቲን እያፈሰሰ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ አልቡሚኑም አብሮ ይወርድ ነበር። 3.0 ላይ መቆሙ ጥሩ ምልክት ነው፤ ወደ 2 ቢወርድ ግን አስቸኳይ ጉዳይ ይሆን ነበር።

እኔን ያሳሰበኝ "ደህና" የተባለው ቁጥር ነው። የግሬይሀውንድ ሄማቶክሪት ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 65 ባለው ውስጥ ነው። 44 ለሌላ ውሻ መልካም ነው፤ ለእሱ ግን ደም ማነስ ነው። ከየት እየወጣ እንደሆነ መፈለግ አለበት። ከእሽቅድምድም ጣቢያ የመጣ፣ 5 ሳምንት ያስቀመጠው፣ ደሙ የቀነሰ ውሻ ሲያጋጥም ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጠው የመንጠቆ ትል ነው። ሁለተኛው ዊፕዎርም የሚባለው ጅራፍ መሰል ትል ነው። ይህ መኖሪያው ትልቁ አንጀት ስለሆነ ንፍጡን፣ ቀይ ደሙንና ማማጡን ያብራራል። ሦስተኛው ጃርዲያ የሚባለው በዓይን የማይታይ የአንጀት ጥገኛ ተህዋስ ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ምንም አለማሳየቱ አያስተማምንም። ናሙናው የተወሰደው መድኃኒቱን በወሰደ በ5ኛው ቀን ነው፤ በዚያን ጊዜ አንጀት ውስጥ የነበሩት አዋቂ የመንጠቆ ትሎች ወይ ወጥተዋል ወይ እንቁላል መጣል አቁመዋል። ዊፕዎርምና ጃርዲያ ደግሞ ያ እንክብል አይነካቸውም። ሁለቱም በየቀኑ ስለማይወጡ በአንድ ናሙና በቀላሉ ያመልጣሉ።

ምርመራው እንዲህ ቢደገም ይሻላል፦

ከ3 ተከታታይ ቀናት አንዳንድ ናሙና ውሰጂ፤ ለእያንዳንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ይበቃል። አፈርና ሣር ያልነካውን የላይኛውን ክፍል አንሺ፣ ንፍጥ ካለበትም ንፍጡን ጨምሪበት። በሚከደን ዕቃ አድርገሽ ቀኑን ጻፊበትና ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሪው፤ በረዶ ቤት ግን አይግባ። ሙቀት ላይ ካደረ የመንጠቆ ትል እንቁላል በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይፈለፈልና መርማሪው እንቁላሉን አያገኘውም። ላቦራቶሪውን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ናሙናው በሴንትሪፉጅ ተሽከርክሮ እንቁላሉ ላይ እንዲንሳፈፍ የሚደረግበት የማንሳፈፍ ምርመራ እና ለብቻው የጃርዲያን ፕሮቲን የሚፈልግ የአንቲጂን ምርመራ። በስላይድ ላይ ተቀብቶ ብቻ የሚታይ ናሙና ለዚህ አይበቃም። እንቁላል ከተገኘ በአንድ ግራም ስንት እንደሆነ ይቆጠርልሽ፤ ቁጥሩ በኋላ በጣም ያስፈልጋል።

የሾርባ ማንኪያ

እስከዚያው የተቀቀለ ዱባ ስጪው። ካልቆመ ሰዎች ለተቅማጥ የሚወስዱት ሎፔራማይድም ያቆምለታል።

አንጀት ጠባቂ

ዱባው ችግር የለውም። ሎፔራማይዱን ግን እባክዎን ይተዉት። አንጀቱ ውስጥ ተህዋስ ወይም መርዝ ካለ መድኃኒቱ የአንጀቱን እንቅስቃሴ ገትቶ መውጣት ያለበትን እዚያው ያቆየዋል፤ መንስኤው ሳይታወቅ ምልክቱን ብቻ ይሸፍናል። ቢስመዝ ያለበት የሰው መድኃኒትም ሰገራውን ስለሚያጠቁር ከላይኛው አንጀት የሚመጣን ደም ለመለየት ያስቸግራል፤ አስፕሪን መሰል ንጥረ ነገርም አለው።

ለጠያቂዋ፦ የገለጹት በትክክል የትልቁ አንጀት ተቅማጥ ነው። ቶሎ ቶሎ መውጣት፣ ትንሽ መጠን፣ ንፍጥ፣ ቀይ ደም፣ ማማጥ። ችግሩ ከትንሹ አንጀት ቢሆን መጠኑ ብዙ፣ የሚወጣበት ጊዜ በቀን 2 ወይም 3፣ ውሻውም እየከሳ የሚሄድ ይሆን ነበር፤ ደም ቢኖር እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሊመጡ ይችላሉ። የመንጠቆ ትል የሚኖረው በትንሹ አንጀት ስለሆነ አሁን በሚታየው ምልክት ብቻ አንዱን ይዘን ሌላውን መልቀቅ አንችልም።

ማማጡን የሆድ ድርቀት አድርጎ መውሰድ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ያበጠ ትልቅ አንጀት ባዶ ሆኖም ሙሉ የሆነ ይመስለዋል። በዚህ ምክንያት ማለስለሻ ወይም ዘይት የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ የባሰ ያስቀምጠዋል። እውነተኛ ድርቀት የሚባለው ሰገራው ጠጠር ሆኖ ሲወጣ ወይም ከ2 ቀን በላይ ጭራሽ ሳይወጣ ሲቀር ነው። አጥንት የሚበላ ውሻ ላይ ነጭና እንደ ኖራ የሚፈረፈር ሆኖ ይታያል።

ስለ ዱባው መጠን፦ ለ31 ኪሎ ውሻ በምግቡ ላይ ከ1 እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ተቀቅሎ የተፈጨ፣ ስኳርና ቅመም ያልነካው ይሁን። ከዚያ በላይ ሲሆን ሰገራውን መልሶ ያላላዋል። ለትልቁ አንጀት ከዱባ ይልቅ የሲሊየም ገለባ (ውኃ የሚመጥ የዕፅዋት አሰር) ይበልጥ ይረዳል። በ1 የሻይ ማንኪያ በቀን 2 ጊዜ ይጀምሩ፤ በግማሽ ብርጭቆ ውኃ ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፈው እንደ አጥሚት ሲወፍር ከምግቡ ጋር ይቀላቅሉት። በ4 ቀን ለውጥ ካላመጣ እጥፍ ያድርጉት። ደረቁን አይስጡት፤ ሆዱ ውስጥ ውኃ መጥጦ ያብጥና ሊዘጋው ይችላል። ለሰው የተዘጋጀና የጣፈጠ ዱቄት ከሆነ መለያው ላይ ዛይሊቶል አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ ዛይሊቶል ለውሻ መርዝ ነው።

ሜትሮኒዳዞል ተራ ተቅማጥን የሚያሳጥረው በጥቂቱ ነው፤ ጠቃሚዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎችም ለሳምንታት ያዛባል። ሲበዛ ወይም ሲረዝም መንገዳገድና የዓይን መንቀጥቀጥ ያመጣል። የሰገራው ውጤት እስኪመጣ መቆየት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ውሻዎ ስለሚበላ፣ ስለሚጠጣና ስለማያስመልስ መጠበቁ የሚያሰጋ አይመስለኝም።

ሚዛን

ስለ ምግቡ ማንም አላነሳም፣ እኔ ልጨምር። 600 ግራም በጣም ብዙ ነው።

ስሌቱ ይህ ነው። ለዕረፍት ብቻ የሚያስፈልገው ኃይል፣ ክብደቱ በኪሎ 0.75 አርቢ ተደርጎለት በ70 ሲባዛ የሚገኘው ነው። ለ31 ኪሎ 920 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይመጣል። ጡረታ ለወጣ፣ ለተኮላሸና በቀን አንድ ሰዓት ያህል ለሚራመድ ውሻ ያንን በ1.6 አባዢው፤ ወደ 1470 ይሆናል። የብዙ ደረቅ ምግቦች 100 ግራም ከ350 እስከ 400 ኪሎ ካሎሪ ስለሚይዝ በቀን 400 ግራም አካባቢ ይበቃዋል ማለት ነው። የእሱን ከከረጢቱ ጀርባ አንብቢና አስሊው። ትንሹ አንጀት መፍጨት ያልቻለው ትርፍ ትልቁ አንጀት ደርሶ ይቦካል። ጋዙም፣ ጩኸቱም፣ የላላ ሰገራውም በከፊል ከዚያ ሊሆን ይችላል።

የዳሌው አጥንት አያስደንግጥሽ። በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ግሬይሀውንድ የመጨረሻዎቹ 2 ወይም 3 የጎን አጥንቶቹ በስሱ ይታያሉ፤ የዳሌው ሁለት ጫፎችም ጎልተው ይወጣሉ። የሚያሳስበው የጀርባ አጥንቱ አንጓ በአንጓ ሲቆጠር ወይም የጭኑ ጡንቻ ሲሟሽሽ ነው።

በሌላ በኩል በቀን ከ2000 ኪሎ ካሎሪ በላይ እየበላ አንድ ኪሎ አለመጨመሩ ራሱ ፍንጭ ነው። ትሉ ከታከመ በኋላም ክብደት መያዝ ካቃተው የቆሽት ኢንዛይም እጥረትን የሚያሳየው ቲኤልአይ የተባለው የደም ምርመራ እና የቫይታሚን ቢ12 መጠን ይታዩለት። ቲኤልአይ ሳይበላ ከ12 ሰዓት ገደማ ጾም በኋላ ነው የሚቀዳው። ቢ12 ዝቅ ብሎ ሳይተካ ከቀረ ሌላው ሕክምና ሁሉ ይጓተታል።

ዶሮና ሩዙ የሚስማማው ከሆነ በልክ አድርጊው። ቆዳው የተገፈፈ የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ 330 ግራም፣ በደንብ የበሰለና የለሰለሰ ሩዝ 670 ግራም፤ ሁለቱም ከበሰሉ በኋላ የሚመዘኑ ናቸው። ጨው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይግባበት። ይህ 1400 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው፤ 250 ግራም እያደረግሽ በቀን 4 ጊዜ አካፍዪው። ካልሲየምና ሌሎች ማዕድናት ስለሚጎድሉት ለአዋቂ ውሻ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ ብቻውን አይሰጥ።

ወደ ደረቅ ምግብ ስትመልሺ የተበላሸብሽ ምናልባት ፍጥነቱ ነው። ሩብ ደረቅ ለ3 ቀን፣ ግማሽ ለ3 ቀን፣ ሦስት አራተኛ ለ3 ቀን፣ ከዚያ ሙሉ። አንዱ ደረጃ ላይ ከላላ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመልሰሽ ሰገራው ሁለት ቀን እስኪጸና እዚያው ቆዪ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብስኩት፣ የሚታኘክ ቆዳ፣ አይብ፣ ከማዕድ የተረፈ ምንም አይቅመስ። ሦስቱን ምግቦች እንደገና አታፈራርቂ፤ አንዱን ምረጪና ያዢው። በ5 ሳምንት 3 ምግብ ከተቀየረ የትኛው እንደጎዳና የትኛው እንደረዳ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

በየቀኑ ጻፊ፦ ሰዓቱን፣ ስንት ጊዜ እንደወጣ፣ ከ1 እስከ 7 ባለው ሚዛን ጥንካሬውን (1 ጠጠር፣ 2 የጸናና ቅርጽ ያለው፣ 7 ውኃ)፣ ንፍጥና ደም። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ በአንድ የእግር ጉዞ የመጀመሪያው ጸንቶ ሁለተኛው መላላቱ በግሬይሀውንዶች የተለመደ ነው፤ እንቅስቃሴው ገና ውኃው ያልተመጠጠለትን ስለሚገፋው ነው። የምትመዘግቢው የጠዋቱን የመጀመሪያ ይሁን።

ማይክሮስኮፕ

አንድ ነገር ረስቼ። ውጤቱን ሳትጠብቂ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም የሚያስሮጡት እነዚህ ናቸው፦ ሰገራው ደም ብቻ ሲሆን፣ ተቅማጥና ትውከት ሲደራረብ፣ ድዱ ሲነጣ፣ ወይም ድዱን በጣትሽ ተጭነሽ ስትለቂው ሮዝ ቀለሙ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ሲወስድ። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ሆዱ ተነፍቶ፣ እየተቁነጠነጠ፣ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ሳይወጣው ሲቀር ነው። ያ የጨጓራ መነፋትና መጠምዘዝ ነው፤ እንደ ግሬይሀውንድ ደረቱ ጥልቅ የሆነ ውሻ ያሰጋዋል፣ በሰዓታት ውስጥም ይገድላል። እንዲህ ሲታይ በአፉ ምንም አትስጪ።

በድንገተኛ ክፍል ሄማቶክሪቱ 60 ሆኖ "ፈሳሽ አልቆበታል" ቢባልም ግሬይሀውንድ መሆኑን አስታውሺያቸው። ድዱ እርጥብ ከሆነና የልብ ምቱ ካልፈጠነ 60 ለእሱ ተፈጥሮው ሊሆን ይችላል።

ነብርማው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ3 ቀኑ ናሙና ተመረመረ፦ የመንጠቆ ትል እንቁላል በግራም 450፣ ጃርዲያ የለም፣ ዊፕዎርም አልታየም። ሐኪሙ የታይሮይዱን ትቶ ፌንቤንዳዞል የተባለውን የትል መድኃኒት ለ5 ቀን አዘዘ፤ ሜትሮኒዳዞሉም ቀርቷል። ምግቡን ወደ 400 ግራም አውርጄዋለሁ። ሁለት ጥያቄ ብቻ፦ መድኃኒቱ መሥራቱን በምን አውቃለሁ? ግቢውንስ ምን ላድርገው?

ማይክሮስኮፕ

የተለመደው የፌንቤንዳዞል መጠን በቀን በኪሎ 50 ሚሊ ግራም ነው። ለ31 ኪሎ 1550 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ 10 በመቶ በሆነው ፈሳሽ 15.5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከታዘዘልሽ ጋር አስተያዪውና በጣም ከተለያየ ሐኪሙን ጠይቂ። ከምግብ ጋር ስጪው፤ ያኔ በተሻለ ይሠራል።

ከመጨረሻው መጠን በኋላ ከ10 እስከ 14 ባለው ቀን ቆጠራው ይደገም። ከ450 ተነስቶ ከ45 በታች ከወረደ መድኃኒቱ ሠርቷል። ካልወረደ ትሉ መድኃኒቱን ተላምዶታል ማለት ነው። ይህ ከእሽቅድምድም በመጡ ግሬይሀውንዶች ላይ በደንብ የታወቀ ችግር ነው፤ በየጣቢያው ለዓመታት አንድ ዓይነት መድኃኒት ደጋግሞ በመስጠት የመጣ ነው። ያኔ ሐኪሙ ፌንቤንዳዞልን፣ ፒራንቴልንና ሞክሲዴክቲንን በአንድነት ሊያዝ ይችላል። ከሞክሲዴክቲን በፊት የልብ ትል ምርመራ ይደረግ።

ቁጥሩ ወርዶ በ4ኛው ሳምንት ገደማ እንደገና ቢወጣ ግን ሌላ ነገር ነው። የመንጠቆ ትል እጮች ጡንቻ ውስጥ ተኝተው ይቆያሉ፤ አንጀት ውስጥ ያሉት አዋቂዎች ሲያልቁ እነዚያ ነቅተው ቦታቸውን ይይዛሉ። ስለዚህ የአንድ ዙር ሕክምና ብዙ ጊዜ አይበቃም። ሁለቱን የሚለየው የ14ኛው ቀን ቆጠራ ስለሆነ እንዳይዘለል።

ዊፕዎርም ስላልታየ ነፃ ነው አትበዪ፤ እንቁላሉ ከተዋጠ በኋላ ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል 3 ወር ያህል ይፈጃል። ፌንቤንዳዞል እሱንም ስለሚገድል ዙሩ በ3 ሳምንትና በ3 ወር ይደገም እንደሆነ ሐኪሙን አማክሪ። ሄማቶክሪቱም በ4ኛው ሳምንት ይለካ፤ ከ50 በላይ መውጣት አለበት።

ግቢውን በተመለከተ፦ ሰገራውን እንደወጣ ወዲያው አንሺ፣ ቢዘገይ በዚያው ቀን። እንቁላሉ ሞቃትና እርጥብ አፈር ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደሚያጠቃ እጭ ይለወጣል፤ እጩ በቆዳም በአፍም ይገባል። ሰውንም ይነካል፣ ቆዳ ሥር እየተሳበ የሚያሳክክ መስመር ያወጣል፤ ልጆች በባዶ እግራቸው አይርገጡ። ውሻው የሚወጣበትን ቦታ ፀሐይ የሚያገኘው ደረቅ ጥግ አድርጊው። ሲሚንቶ ከሆነ በየጊዜው ታጥቦ ይድረቅ።

አንጀት ጠባቂ

የመቀመጫውን ቆዳም ይመልከቱለት። የግሬይሀውንድ ቆዳ ስስ፣ ፀጉሩም አጭር ስለሆነ ቶሎ ይላጣል። በለብታ ውኃ አጥበው፣ ሳያሹ ጠፍ ጠፍ አድርገው አድርቀው በስሱ ቫዝሊን ይቀቡት። ለሕፃናት ሽፍታ የሚቀባውን ዚንክ ያለበትን ቅባት አይጠቀሙ፤ ከላሰው ይመርዘዋል። መቀመጫውን መሬት ላይ መጎተት ከጀመረ የፊንጢጣ ከረጢቶቹ ሞልተው ሊሆን ይችላል፤ ሰገራ ለሳምንታት ሲላላ ከረጢቶቹን ተጭኖ የሚያስወጣ ነገር አይኖርምና በሚቀጥለው ቀጠሮ ይታዩለት።